የጨቅላ ሕፃን የመጀመሪያ የሐኪም ቀጠሮ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ነገር ይለዋወጣል። ክብደቱ ይወርዳል። የሰገራው ቀለም ይቀየራል። የእናቱ ወተት ገና እየገባ ነው። ቆዳው ቢጫ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቀኑንም ሌሊቱንም አብራችሁት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ ግማሹ ምርመራ፣ ግማሹ የእናንተ ምስክርነት ነው። በዚህ ቀጠሮ ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለማሰብ ነው።

"ትንሽ ጠንከር ይበል" ብሎ ማዘግየት

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

ስጋቱ ይገባኛል። ልጁ ገና እፍኝ አይሞላም። እናትየው ለመቀመጥ እንኳ ትቸገራለች። ተጠባባቂዎች የሚቀመጡበት ክፍል በሚያስሉ ልጆች የተሞላ ነው። "ደህና ልጅ ይዞ ሄዶ በሽታ ይዞ መመለስ" የሚለው ፍርሃት ከንቱ አይደለም። መፍትሔው ግን ቀድሞ ደውሎ የቀኑን የመጀመሪያ ተራ መጠየቅ፣ ወይም ጨቅላዎች ለብቻ የሚቆዩበት ቦታ መኖሩን ማጣራት ነው እንጂ መቅረት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከሚደረገው ክትትል ሌላ፣ እናትና ልጅ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን እና በ6ኛው ሳምንት እንዲታዩ ይመክራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ሕፃኑ ከ3 እስከ 5 ቀን ሲሞላው መታየት አለበት ይላል። እነዚህ ቀናት ዝም ብለው የተመረጡ አይደሉም። አንዱ ትልቅ ምክንያት ቢጫነት ነው።

ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈራርሱ ነው። የጨቅላ ጉበት ገና ስላልበረታ ቶሎ አያስወግደውም። ጊዜውን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን ላይ ቢጫነቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይታይና ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል። ማለትም ከሆስፒታል ስትወጡ ያልነበረው ነገር ቤት ከገባችሁ በኋላ ሊብስ ይችላል። አብዛኛው ቢጫነት ቀላል ነው፣ በራሱም ይለቃል። ከመጠን ሲያልፍ ግን አእምሮንና መስማትን ይጎዳል። በጊዜ ከተደረሰበት ሕክምናው ልዩ ብርሃን ሥር ማስተኛት ነው። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ግን ወደኋላ መመለስ አይቻልም። "ጠንከር ይበል" የሚባሉት ቀናት እነዚህ መሆናቸው ነው የሚያሳስበኝ።

ቤት ውስጥ ለማየት ልጁን ቀን ላይ ወደ መስኮት አስጠጉት። ግንባሩን ወይም አፍንጫውን በጣት ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ጣታችሁ ሲነሳ ቆዳው ቢጫ መስሎ ከታየ አንድ ምልክት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይህ ላይታይ ስለሚችል የዓይኑን ነጭና ድዱን ተመልከቱ። ቢጫነት ከፊት ተነስቶ ወደ ደረት፣ ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። ዓይን ግን መለኪያ አይደለም። መጠኑ የሚታወቀው በመሣሪያ ወይም በደም ምርመራ ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ ማስተኛትም የምርመራውን ቦታ አይተካም። የልጁን ቆዳ ያቃጥላል፣ ፈሳሽ ያሳጣዋል፣ እናንተንም በከንቱ ያዘናጋል።

በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ሕፃን በዚያው ቀን መታየት አለበት። ሁለት ሳምንት አልፎትም ያልለቀቀው እንደዚሁ ይታይ። በተለይ ሰገራው እየነጣ፣ ሽንቱ እየጠቆረ ከሄደ የሐሞት መስመር መዘጋት ሊሆን ይችላል። የዚህ ችግር ቀዶ ሕክምና የተሻለ ውጤት የሚኖረው ልጁ 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ነው።

"ኧረ በደንብ ይጠባል" ብሎ መመለስ

ሐኪሙ "ስንት ጊዜ ይጠባል?" ብሎ ይጠይቃል። እናት "ኧረ አፉን ከጡት አያወጣም!" ትላለች። መልሱ ደስ ይላል፤ ግን ምንም አይነግረውም። ሁልጊዜ ጡት ላይ ያለ ሕፃን በደንብ እየጠገበ ሊሆን ይችላል። ጡቱን በትክክል ሳይዝ ሲታገል የሚውል፣ የማይጠግብ ልጅም ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ልጆች እናቶች የሚሰጡት መልስ ግን አንድ ዓይነት ነው።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ትናንትን ከዛሬ አይለይም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የሚከተለው ዓይነት ማስታወሻ ይበቃል፦ "ሌሊት 8፡10፣ ግራ ጡት፣ ሲውጥ ይሰማል፣ ሽንት። 10፡40፣ ቀኝ፣ ቶሎ እንቅልፍ ወሰደው። ንጋት 12፡15፣ ሁለቱም፣ ሽንት፣ አረንጓዴ ሰገራ።" ሐኪሙ ከዚህ ብዙ ያነብባል። ጨቅላ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ቀን ጀምሮ በቀን ቢያንስ 6 ዳይፐር በሽንት ማርጠብ አለበት። የመጀመሪያው ጥቁርና የሚያጣብቅ ሰገራ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ በ5ኛው ቀን ገደማ ወደ ቢጫ መለወጥ አለበት። በ5ኛው ቀን አሁንም ጥቁር ከሆነ ልጁ የሚበቃውን ወተት እያገኘ ላይሆን ይችላል።

እንግዳ ነገር ያያችሁበትን ዳይፐር ፎቶ አንሱት። ዳይፐሩ ላይ እንደ ጡብ ዱቄት ቀላ ያለ ነገር ማየት በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ሊያጋጥም ይችላል። ከዚያ ከቀጠለ ግን ልጁ ፈሳሽ አንሶታል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ይየው። ድንገት የሚታይ መንቀጥቀጥ ወይም እንግዳ አተነፋፈስ ካለም በቪዲዮ ቅረጹት። ልጁ ሐኪም ፊት ሲደርስ ያንን አያደርገውም፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ሚዛኑን አይቶ መደንገጥ፣ ከዚያም በራስ ወተት መጨመር

3,200 ግራም ሆኖ የተወለደ ልጅ በ4ኛው ቀን 3,000 ግራም ሲሆን ቤተሰቡ ይረበሻል። "ልጁ ከሳ" ይባላል። ጥፋቱም ወዲያው ወደ እናትየው ጡት ይዞራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ልጁ የወረደው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የክብደቱን 7 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ ሲያልፍና ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ሐኪሙ አጠባቡን በቅርብ ይከታተላል። አብዛኞቹ ልጆች ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የተወለዱበትን ክብደት ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል ይጨምራሉ።

ልጁ ሲመዘን ልብሱም ዳይፐሩም ይውለቅ። አንድ የረጠበ ዳይፐር ብቻውን የብዙ ቀን ጭማሪ ሊመስል ይችላል። ቁጥሩንም ጻፉት። ሌላ ቦታ በሌላ ሚዛን ተመዝኖ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሩት።

ክብደቱ አሳስቧችሁ ከሆነ በራሳችሁ ፎርሙላ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ሲጠባ እዩልን።" ጡት ወተት የሚያመርተው ልጁ በጠባው ልክ ነው። ጠርሙስ ሲገባ መጥባቱ ይቀንሳል፣ ወተቱም አብሮ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የወተት ማነስ ሳይሆን የአያያዝ ነው። ልጁ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጠቆር ያለውን ክፍል ጭምር በአፉ ሞልቶ መያዝ አለበት። ይህን ያስተካከለች ነርስ የአንድ ሳምንት ጭንቀት ታወርዳለች። በሌላ በኩል ሐኪሙ አይቶ "ለጊዜው ይጨመርለት" ካለ እምቢ አትበሉ። እናትነት በጠርሙስ አይለካም።

የሰጡትን ነገር መደበቅ

ቁጣን በመፍራት ብዙ ነገር ይደበቃል። ውኃ ተሰጥቶታል፤ ስኳር ውኃ ቀምሷል፤ ለሆድ ቁርጠት ተብሎ የሆነ ቅጠል ተቀቅሎለታል፤ እትብቱ ላይ የሆነ ነገር ተቀብቷል። ሐኪሙ ሲጠይቅ ግን "ከጡት ሌላ ምንም" ይባላል። በዚህ መልስ የሚጎዳው ልጁ ነው። ሐኪሙ የልጁን ድካም ምክንያት በተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል።

ለጨቅላ ሕፃን ውኃ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስተወዋል። ሲበዛም በደሙ ውስጥ ያለውን ሶዲየም አሳንሶ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። እስከ 6 ወር የሚያስፈልገው የእናት ጡት ወይም ፎርሙላ ብቻ ነው፤ ሐኪም የሚያዝዘው እንደ ቫይታሚን ዲ ያለ ጠብታ ካልሆነ በቀር። ግን የሆነው ከሆነ ሳታፍሩ ንገሩ። አያት ሰጥታው ከሆነም "እናቴ ሰጥታዋለች" በሉ። ሐኪሙ የሚፈልገው እውነቱን ነው።

ወረቀቱን ቤት መርሳት

ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጣችሁ ወረቀት የልጁ የመጀመሪያ ታሪክ ነው። የልደት ክብደቱ፣ የደም ዓይነቱ፣ የቫይታሚን ኬ መርፌ መወሰዱ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መሰጠቱ እዚያ ላይ ይገኛል። ከተረከዙ ደም ተወስዶ ከሆነ ውጤቱን ጠይቁ። "ካልደወሉልን ደህና ነው ማለት ነው" ብላችሁ አትተዉት። ያ ጠብታ ደም ለምሳሌ የታይሮይድ እጢ ድክመትን ምልክት ከመታየቱ በፊት ያሳያል፤ ሕክምናውም ቶሎ ከተጀመረ የልጁን አእምሮ ያድናል። የመስማት ምርመራም እንዲሁ ነው፤ አንድ ወር ሳይሞላው ቢጠናቀቅ ይመረጣል።

ወረቀት ላይ የሌለውን ደግሞ እናንተ ጨምሩ። በእርግዝናው መጨረሻ ልጁ በመቀመጫው ነበር? ከዘመድ መካከል ከልጅነቱ መስማት የተሳነው ወይም የዳሌ መገጣጠሚያው የወለቀ አለ? ሐኪሙ የልጁን እግሮች አጥፎ ወደ ጎን ሲከፍት የሚፈትሸው ዳሌውን ነው። ይህን ከነገራችሁት አልትራሳውንድ ሊጨምርበት ይችላል።

ልብሱን መከመር

የሚፈታ ቁልፍ ወይም ዚፕ ያለው አንድ ልብስና አንድ ብርድ ልብስ ይበቃል። ሐኪሙ ልጁን ከራስ ቅሉ እርግብግቢት እስከ እግር ጣቱ ራቁቱን ማየት አለበት። መኪና ላይ ልጁ የሚቀመጠው ፊቱን ወደ ኋላ ባዞረ የሕፃን ወንበር ነው። ወፍራም ካፖርት ከቀበቶው ሥር አይሁን፤ ቀበቶው ይላላል። ብርድ ካለ ከላይ ደርቡለት።

እናትየውን ቤት ትቶ መሄድ

"አንቺ አረፍ በይ፣ እኛ ወስደን እናመጣዋለን" ማለት ደግነት ነው። ነገር ግን ሌሊቱን የምታውቀው እሷ ናት። አጠባቡን ማሳየት የምትችለውም እሷ ብቻ ናት። መንቀሳቀስ ከቻለች አብራ ትሂድ። አባትም አብሮ ቢገባ ጥሩ ነው፤ ድካም ላይ የሚነገር ነገር ግማሹ ይረሳልና አንዱ የሰማውን አንዱ ይጻፈው።

እሷም ስለራሷ ትናገር። ብዙ እናቶች በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለምክንያት ያለቅሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ አልፎ ከቀጠለ፣ ልጁ ተኝቶም እሷ መተኛት ካልቻለች፣ ወይም ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይነገር። ለዚህ ከ1987 ጀምሮ የሚሠራበት "ኤዲንብራ" የሚባል 10 ጥያቄ ያለው መመዘኛ አለ። ካልጠየቋችሁ እናንተ ጠይቁ።

"ለማክሰኞ ቀጠሮ አለን" ብሎ አደጋን ማሳደር

ቀጠሮ ደህና ለሆነ ልጅ ነው። የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ የደረሰ ወይም ያለፈ ጨቅላ ሌሊትም ቢሆን ይወሰዳል። ማስታገሻ ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ሰውነቱ ቀዝቅዞ አልሞቅ ካለ፣ ለመጥባት የማይነቃ ከሆነ፣ አረንጓዴ ነገር ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ያው ነው። እትብቱ ዙሪያ ቆዳው ቀልቶ ካበጠም ሳይውል ሳያድር ይታይ። ተረጋግቶ እያለ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደም አትጠብቁ። ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ የጨቅላ አተነፋፈስ ቆም ቀጠል ስለሚል በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል።

"ጥያቄ አላችሁ?" ሲባል "የለንም" ማለት

ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ግቡ፤ የሚያስጨንቃችሁን ደግሞ አስቀድሙት። ከመውጣታችሁ በፊት የዛሬው ክብደት ስንት እንደሆነ፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ስንት እንዲሆን እንደሚጠበቅ፣ ክትባቱ መቼ እንደሆነ ይነገራችሁ። ሌሊት የሆነ ነገር ቢፈጠር የሚደወልበትን ቁጥርም ተቀበሉ። ቁጥሩን የሁለታችሁም ስልክ ላይ እዚያው መዝግቡት።