ኦሪጅናል ሥዕል ቤት ውስጥ እንዴት ይሰቀላል? እንዴትስ ይያዛል?

ባለቤቴ ሠዓሊ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ቤታችን ሥዕል የሌለበት ግድግዳ የለም። ሰው የገዛውን ሥዕል «እንዳይበላሽ» ብሎ አልጋ ሥር ሲያስቀምጠው ያሳዝነኛል። ሥዕል ቡና በሚፈላበት፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ሳሎን መኖር ይችላል። ብቻ ቦታው በደንብ ይመረጥለት።

ግድግዳውን መምረጥ

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ብዙ ሰው ከሶፋው በላይ ይሰቅልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ግድግዳው ከጀርባው ምን እንዳለ ነው። ጀርባው ደጅ ከሆነ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ይመታዋል፤ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ መሃል ያለው አየር አይንቀሳቀስም። እርጥበቱ እዚያው ታፍኖ ሻጋታ ያመጣል።

አንድ ፍሬም ሠሪ «አቧራ እንዳይገባ» ብሎ የአንዱን ሥዕላችንን ጀርባ በላስቲክ አሽጎ ሰጠን። ክረምቱ ሲወጣ ላስቲኩን ብንቀደው ሸራው በሻጋታ ተነቁጧል። ስለዚህ ጀርባውን በላስቲክ አታሳሽጉ።

ከተቻለ ሁለት ክፍል የሚለየውን የውስጥ ግድግዳ ምረጡ። የግድ የውጭው ግድግዳ ከሆነ፣ የጠርሙስ ቡሽ ቆርጣችሁ ከፍሬሙ ጀርባ በታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ላይ ለጥፉ። የአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ብራና ላይ የተሳለ ሥዕል ግን የውጭ ግድግዳ ላይ ጭራሽ አይሰቀል። ብራና ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መሃል ቀለሙ ይላላጣል።

ቀጥሎ ፀሐይ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ቀለም የሚያደበዝዘው አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ መስኮት ክፍሉ ውስጥ ዘልቃ ትገባለች። በነሐሴ ጥላ የነበረው ግድግዳ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ሊያርፍበት ይችላል። ቦታውን በሁለቱም ወቅት አስቡት። በተለይ የውሃ ቀለም ሥዕል ከዘይት ቀለም በቶሎ ይደበዝዛል።

ስለ ጭስ፦ ቡናውንም ዕጣኑንም አትተዉ። ረከቦቱና ማጨሻው ከሥዕሉ ሥር አይሁኑ፣ በቃ።

ከፍታውና መስቀያው

ብዙ ቤት ሥዕል ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረውም። የሥዕሉ መሃል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲያርፍ ለዓይን ይመቻል። ሚስማሩ የት እንደሚገባ ለማወቅ 150 ላይ የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ደምሩ፤ ከዚያ ከፍሬሙ ጀርባ ያለው የመስቀያ ሽቦ ሲወጠር ከፍሬሙ የላይኛው ጫፍ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለክታችሁ ቀንሱ። ቁመቱ 80 ሆኖ ሽቦው 6 ዝቅ ካለ፣ 150 ሲደመር 40 ሲቀነስ 6፣ 184 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው።

ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሚስማር ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ድሪል ተዋሱ፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን የፕላስቲክ መሰኪያ) አስገቡና በብሎን ስቀሉ። ከአንድ ሁለት ብሎን ይሻላል፤ ሥዕሉ አይዘምም። እንደ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች የጭቃ ግድግዳ ከሆነ በጣታችሁ እያንኳኳችሁ ቋሚውን እንጨት ፈልጉና እሱ ላይ ምቱ። ለቀላል ሥዕል ካልሆነ በሚጣበቅ ማንጠልጠያ አልተማመንም።

ማጽዳት

ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ብቻ። እርጥብ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ የመስታወት ማጽጃ አይነካውም። ቤት የሚያጸዳላችሁ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። ቀለሙ መፈርፈር ከጀመረ ብሩሹንም ተዉትና ለባለሙያ አሳዩት።

ከጀርባ መጻፍ

ይህን ሠዓሊውን እያገኛችሁት ጨርሱት። የሠዓሊውን ስም፣ የሥዕሉን ርዕስ፣ በምን ቀለም እንደተሠራና ዓመቱን ጠይቁ። ሸራው ላይ ሳይሆን ሸራው የተወጠረበት እንጨት ላይ በእርሳስ ጻፉት፤ እስክሪብቶ ጨርቁ ላይ ሊሰርግ ይችላል። ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሱ። ባለቤቴ አንዳንዱን ሥዕል በኛ፣ አንዳንዱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የፈረመው። ቁጥሩ ብቻውን ከሆነ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል።