አሜሪካ ውስጥ ለካውንስሊንግ ማስተርስ ስታመለክቱ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

አማርኛ የሚናገር ካውንስለር ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን ያህል ሐበሻ እያለ እንኳ በቋንቋችን የሚያዳምጥ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንድ ወገኔ «ካውንስሊንግ ልማር ነው» ሲለኝ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ጥሩ ጥሩ ሰዎች በቀላሉ ሊታረም በሚችል ነገር ሲሰናከሉ ነው። አንዳንዱ ሳይገባ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ገብቶ፣ ከፍሎ፣ ተመርቆ ሲጨርስ ዲግሪው ለላይሰንስ፣ ማለትም ለሙያ ፈቃድ፣ እንደማያበቃው ይነገረዋል። ሁለተኛው ስለሚብስ ከእሱ ልጀምር።

ፕሮግራሙን በስሙ መምረጥ

ስማቸው ተቀራራቢ፣ መድረሻቸው ግን የተለያየ ፕሮግራሞች አሉ። ክሊኒካል ሜንታል ሄልዝ ካውንስሊንግ በአእምሮ ጤና ዘርፍ ለመሥራት የሚያዘጋጅ ነው። ስኩል ካውንስሊንግ ትምህርት ቤት ለሚቀጠሩ ነው። የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒ የራሱ ላይሰንስ አለው፤ ሶሻል ወርክም እንዲሁ። አጠቃላይ የሳይኮሎጂ ማስተርስ ለምርምር ወይም ለፒኤችዲ መንደርደሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለካውንስለርነት ላይሰንስ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን አያበቃም። መንፈሳዊ ኮሌጆች ከሚሰጧቸው የምክር ዲግሪዎች ደግሞ የሚያበቁም የማያበቁም አሉ።

ላይሰንሱን የሚሰጠው የየስቴቱ ቦርድ ነው። ሙሉውን ላይሰንስ ቨርጂኒያና ዲሲ ኤል ፒ ሲ ይሉታል። ሜሪላንድ ኤል ሲ ፒ ሲ፣ ሚኒሶታ ኤል ፒ ሲ ሲ፣ ዋሽንግተን ስቴት ኤል ኤም ኤች ሲ ይለዋል። መስፈርታቸውም አንድ አይደለም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት የምትኖሩበትን ስቴት ቦርድ ድረ ገጽ ክፈቱ። ስንት ክሬዲት፣ የትኞቹን ኮርሶች፣ ስንት ሰዓት ልምምድ እንደሚጠይቅ ጻፉ። ከዚያ ፕሮግራሙን በዚያ ወረቀት መዝኑት።

ካክሬፕ የሚባለውን አክሬዲቴሽንም እወቁት። እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመ፣ የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን መርምሮ እውቅና የሚሰጥ አካል ነው። እውቅናውን ያገኘ ክሊኒካል ፕሮግራም 60 ክሬዲት፣ ቢያንስ 100 ሰዓት ፕራክቲከም (የመጀመሪያው የሥራ ልምምድ) እና 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ (ቀጣዩ ረጅም ልምምድ) አለው። ዩኒቨርሲቲው በአጠቃላይ እውቅና ስላለው የካውንስሊንግ ፕሮግራሙም አለው ብላችሁ አትደምድሙ። ሁለቱ ለየብቻ የሚሰጡ ናቸው። ካክሬፕ የሌለው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። እኔ ብጠየቅ ግን ያለውን ምረጡ ነው የምለው። ነገ ከሜሪላንድ ወደ ሌላ ስቴት ብትዛወሩ ጣጣው ይቀንሳል።

ኦንላይን ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ዩኒቨርሲቲው ሌላ ስቴት ስለሆነ ፕሮግራሙ ለእናንተ ስቴት ላይሰንስ ያበቃ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ በየስቴቱ ዝርዝር ያወጣሉ። በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡት። በስልክ የተነገረ «አዎ» ከሦስት ዓመት በኋላ አይጠቅማችሁም።

ዲግሪው ደግሞ መጨረሻው አይደለም። ከምረቃ በኋላ በሱፐርቫይዘር ሥር የምትሠሩት ሰዓት አለ። ብዙ ቦታ 3,000 ገደማ ነው፤ ቨርጂኒያ 3,400 ይጠይቃል። ፈተናም አለ። ይህ ሁሉ ልፋት ዋጋ አለው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ላይሰንስ ላላቸው ካውንስለሮች መክፈል ጀምሯል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ዕድሜያቸው ከ65 አልፎ በሜዲኬር ሲታከሙ በቋንቋቸው የሚያዳምጣቸው ሰው ክፍያ የሚያገኝበት በር ተከፈተ ማለት ነው። በሩ የሚከፈተው ግን ላይሰንስ ላለው ነው።

አገር ቤት በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ እንደገና ከዜሮ ከመጀመራችሁ በፊት ቦርዱ የውጭ ዲግሪ የሚገመግምበት መንገድ እንዳለው ጠይቁ። የጎደሏችሁ ጥቂት ኮርሶች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

በተማሪ ቪዛ ለምትመጡ፦ የሰዓቱን ሂሳብ አለመሥራት

ኤፍ ዋን ቪዛ ያለው ተመራቂ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የኦ ፒ ቲ የሥራ ፈቃድ 12 ወር ነው። ተጨማሪው 24 ወር ስቴም ለሚባሉት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፎች ነው፤ ካውንስሊንግ በአብዛኛው እዚያ ውስጥ አይገባም። እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራው። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሩ በዓመት 2,000 ሰዓት ገደማ ነው። 3,000 የሚጠይቅ ስቴት ውስጥ ላይሰንሱ ሳይሞላ ፈቃዱ ያልቃል። ይህን ስል አትምጡ ማለቴ አይደለም። ከመምጣታችሁ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ ጠይቁ፤ ያለፉት ተመራቂዎች ምን እንዳደረጉ ይንገሯችሁ። ዕቅዳችሁ ተመልሶ አገር ቤት ማገልገል ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይቀየራል። ያኔ የስቴቱ ላይሰንስ ሳይሆን የምትማሩት ነገር ጥራት ይበልጣል።

ፐርሰናል ስቴትመንቱን የኑዛዜ ወረቀት ማድረግ

ፐርሰናል ስቴትመንት ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሳችሁ ጽፋችሁ የምትልኩት ጽሑፍ ነው። ብዙ አመልካች የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው።

አፕልቢ እና አፕልቢ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። የሳይኮሎጂ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢዎችን «ጥሩ የነበረን አመልካች ምን ይጥለዋል?» ብለው ጠየቁ። ከመልሶቹ ውስጥ ከልክ ያለፈ የግል ሕይወት መግለጽ እና ከልክ ያለፈ «ሰው ልርዳ» ባይነት ነበሩበት። ለእኛ ሰው ሁለቱም ይደንቃሉ። ሰው ለመርዳት የሚማሩት ሙያ አይደለም እንዴ?

ነው። ኮሚቴው ግን «ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሁሉም አመልካች ያነባል። ነርሱም፣ ቄሱም፣ እሳት አደጋውም ሰው ይረዳል። ለምን በካውንስሊንግ? መመለስ ያለበት ይሄ ነው።

የደረሰባችሁን መከራ መጻፍ ክልክል አይደለም። በበረሃ አቋርጣችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ቤተሰባችሁን በጦርነት ያጣችሁ አላችሁ። አረብ አገር ሰው ቤት የተበደላችሁ አላችሁ። ያ የሕይወታችሁ አካል ነው፣ አታፍሩበትም። ኮሚቴው የሚፈልገው ቁስሉ የሌላውን ቁስል ለመስማት እስኪያስችላችሁ ድረስ ጠግጎ እንደሆነ ማወቅ ነው። ስለዚህ የደረሰውን በሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው። የቀረውን ቦታ ከዚያ በኋላ ላደረጋችሁት ስጡት፦ ምን አነበባችሁ፣ የት አገለገላችሁ፣ ስለ ራሳችሁ ምን ተረዳችሁ።

ሌላም አለ። የራሳችሁን ታሪክ ስትጽፉ የወንድማችሁን ሱስ ወይም የጓደኛችሁን ፍቺ አብራችሁ ትጽፋላችሁ። የዚህ ሙያ መጀመሪያው ምስጢር መጠበቅ ነው። ሰው አምኖ የነገራችሁን በሚታወቅ መልኩ ጽፋችሁ ስትልኩ አንባቢው «ነገ የተመካሪዎቹን ጉዳይስ?» ብሎ ያስባል። ትክክል ነው።

«በእኛ አገር የአእምሮ ጤና አይታወቅም» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም እባካችሁ ተዉት። እውነት አይደለም፣ ወገንንም ያሳንሳል። አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጠበል አለ። የንስሐ አባት፣ ሽማግሌ፣ እድር አለ። ሐዘንተኛን ለቀናት ብቻውን የማይተው ሕዝብ ነው ያለን። አንድ ሰው ጠበል እየተጠመቀ መድኃኒቱንም እንዲወስድ ቤተሰቡን እንዴት እንዳግባባችሁ ብትጽፉ፣ ያ አንድ አንቀጽ ከገጽ ሙሉ አጠቃላይ ወሬ ይበልጣል።

እንበል አንዲት አመልካች ትምህርት ቤት ታስተረጉማለች። አንድ አባት ይጠራል። ልጁ ክፍል ውስጥ ቃል አይተነፍስም። «ካውንስለር ጋ እንላከው» ሲባል አባትየው «ልጄ እብድ አይደለም» ብሎ ይነሳል። እሷ አስተርጓሚ ስለሆነች የራሷን ሐሳብ መጨመር አትችልም። የተባለውን ብቻ ታስተላልፋለች። ስቴትመንቷ ከዚያ ክፍል ቢጀምር፣ ምን ማለት እንደፈለገች፣ ለምን እንዳልቻለች፣ ያንን ለማለት ምን ዓይነት ሥልጠና እንደሚያስፈልጋት ብትጽፍ፣ «ለምን ካውንስሊንግ?» የሚለው ተመለሰ። ስሙም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ዕድሜውም መጠቀስ የለበትም።

በቻትጂፒቲ አስጽፎ መላክ? ወረቀቱ የማንም ሊሆን የሚችል ይሆናል። ኢንተርቪው ላይ ስለ ጻፋችሁት ሲጠይቋችሁም ያስታውቃል።

ትልቅ ስም ያለው ሰው ሪኮመንዴሽን መፈለግ

የታወቀ ሰው ደብዳቤ ክብደት ያለው ይመስለናል። የማያውቃችሁ ባለሥልጣን ከጻፈው ሁለት መስመር ይልቅ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚጮህ ታካሚን በትዕግሥት ስታረጋጉ ያየች ሱፐርቫይዘር የጻፈችው ይጠቅማል። ቄሳችሁ ወይም ፓስተራችሁ ሊጽፉ የሚችሉት ሥራችሁን ካዩ ነው፤ እሱም ከመምህር ደብዳቤ ጋር ተጨማሪ ሆኖ።

አገር ቤት ያሉ መምህራን «ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» ማለታቸው የተለመደ ነው። እዚህ ግን ደብዳቤው በመምህሩ መጻፍ አለበት፤ ደብዳቤው የሚገባበት ሊንክም በቀጥታ ለእሳቸው ነው የሚላከው፤ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው ቢሆን ይመረጣል። ጊዜ ስላለፈ ረስተዋችሁ ይሆናል። የወሰዳችሁትን ኮርስ፣ የሠራችሁትን ጥናት፣ አሁን የምትሠሩትን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ላኩላቸው። በኦክቶበር ጠይቁ። ገና ሲደርስ አይደለም።

ወረቀቱን ለመጨረሻ ሳምንት ማቆየት

የፎል ሴሚስተር፣ ማለትም የኦገስት መጨረሻ ወይም የሴፕቴምበር መግቢያ፣ ማመልከቻ ብዙ ቦታ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ይዘጋል። አገር ቤት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተማራችሁ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከኮስት ሼሪንግ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀድማችሁ ጨርሱ። ብዙ ፕሮግራሞች እንደ ዌስ ባለ ድርጅት የተሠራ፣ ኮርስ በኮርስ የሆነ የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ይጠይቃሉ፤ ይህም ሳምንታት ይወስዳል። የስማችሁ ስፔሊንግ ፓስፖርቱ፣ ትራንስክሪፕቱና የቶፍል ውጤቱ ላይ አንድ መሆኑን እዩ። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆኑም ፎርሙ ላይ ስትሞሉ ቀይሯቸው።

ጂ አር ኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙዎቹ ትተውታል። ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

የኢንተርንሺፕን ሰዓትና ገንዘቡን አለማስላት

600 ሰዓት በሁለት ሴሚስተር ሲካፈል በሳምንት 20 ሰዓት ገደማ ነው። አብዛኛው ያለ ክፍያ ነው። አብዛኛው ቀን ቀን ነው። ፓርኪንግ ለሚሠራ፣ ሁለት ሺፍት ለሚደርብ፣ በየወሩ አገር ቤት ለሚልክ ሰው ይህ ከባድ ነው። ትምህርቱን የሚያቋርጡ ጎበዞች የሚያቋርጡት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ አእምሯቸው ስላነሰ አይደለም። ገና ሳታመለክቱ ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ያንን ዓመት ማን ይሸፍናል? ልጅ ማን ያመጣል? ፕሮግራሙንም የማታና የቅዳሜ ኢንተርንሺፕ ቦታ እንዳለው ጠይቁ።

ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ እንዲሁም ሬፊውጂ የሆኑና አሳይለም የተፈቀደላቸው ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ መሙላት ይችላሉ። አሳይለሙ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰውና ኤፍ ዋን ያለው የፌዴራል ብድር አያገኝም። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ ለማስተርስ የለም። ብድሩ በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ይሞላ የነበረው ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ተዘግቷል። የዱሮ መረጃ ይዛችሁ በጀት እንዳትሠሩ። ለወደፊቱ ናሽናል ሄልዝ ሰርቪስ ኮር የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ባለሙያ በሚያጥርባቸው ቦታዎች ለሚሠሩ ላይሰንስ ላላቸው ካውንስለሮች ብድር ይከፍላል፤ ይህንንም በልባችሁ ያዙት።

ኢንተርቪው ላይ ወዲያው ምክር መስጠት

ብዙ ፕሮግራሞች በቡድን ያነጋግራሉ፤ አንዳንዶቹ የተመካሪ ድራማ ያሠራሉ። አንዱ «እናቴ ሞታ መተኛት አቃተኝ» ይላል። የእኛ ሰው «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ጸልይ» ብሎ ይዘጋዋል። ከደግነት ነው። እነሱ ግን ማየት የሚፈልጉት ሌላውን ጥያቄ ነው፦ ሌሊቱን እንዴት ታሳልፈዋለህ? ስለ እናትህ ንገረኝ። ዝም ብሎ መስማትም ይቆጠራል።

በቡድኑ ውይይት ግን ዝም አትበሉ። ትልቅ ሰው ባለበት አለመናገር ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። እዚያ «ሐሳብ የለውም» ተብሎ ይጻፋል።

ከእምነታችሁ ጋር ስለማይሄድ ተመካሪም ይጠይቋችኋል። በቅንነት መልሱ። የአሜሪካ ካውንስሊንግ ማኅበር እ.ኤ.አ. የ2014 የሥነ ምግባር ደንብ ካውንስለሩ በራሱ እምነትና እሴት ምክንያት ብቻ ተመካሪውን ወደ ሌላ እንዳይልክ ይላል። ይህን አንብባችሁ፣ ከራሳችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ግቡ። ሃይማኖታችሁን መደበቅ አይጠበቅባችሁም። በተመካሪው ላይ እንደማትጭኑት ግን ማመን አለባቸው።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ይባላል። «የለኝም» አትበሉ። በአማርኛ ተመካሪ ማየት ለምትፈልጉ አንድ ጥያቄ አለ። ተማሪ እያላችሁ ሱፐርቫይዘራችሁ ሥራችሁን በቀጥታ ወይም በቅጂ ያያል። ንግግሩ በአማርኛ ከሆነ ማን ሰምቶ ያርማችኋል? ቋንቋውን የሚያውቅ ሱፐርቫይዘር አላቸው? ከሌላቸው በትርጉም ለመሥራት ፈቃደኛ ናቸው? መልሳቸውን ጻፉት፤ ከሁለት ትምህርት ቤት ተቀባይነት ብታገኙ የምትመርጡት በእሱ ነው።