የጃፓን ልጆች ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሲደርሱ፣ እኛ እንግዶቹ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጃፓን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ አንድ ሰኞ ባቡሩ በሙሉ እጅጌው መሬት ሊነካ በደረሰ ኪሞኖ ይሞላል፣ አንገት ላይ ደሞ ነጭ ፀጉራም ነገር ጣል ይደረጋል። ሴይጂን ሺኪ ይሉታል፣ ልጆች አዋቂ መሆናቸው የሚከበርበት ዝግጅት ነው። እኔ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለልጁ ማታ ቤቱ ጠርቶኝ ሄጄ ያልተሳሳትኩት ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ እናንተ እንዳትደግሙት።

መጀመሪያ 18 እና 20ን አትቀላቅሉ። ሕጉ ከኤፕሪል 1 ቀን 2022 (የፈረንጅ ነው) ጀምሮ አዋቂነትን 18 ላይ አድርጎታል፣ ከዛ በፊት ከ1876 ጀምሮ 20 ነበር። አሁን የ18 ዓመት ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ ስልክ ያወጣል፣ ክሬዲት ካርድ ይጠይቃል፣ ቤት ይከራያል፤ መጠጥ፣ ሲጋራና የፈረስ ውርርድ ግን እዛው 20 ላይ ናቸው። ስለዚህ "አዋቂ ሆንክ አይደል?" ብላችሁ ለ18 ዓመት ልጅ ቢራ እንዳትቀዱለት። ዝግጅቱንም አብዛኛው ከተማ እንደድሮው 20 ላይ አቆይቶታል፣ ምክንያቱም ጃንዋሪ ማለት ለ18 ዓመት ልጅ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው፣ ማን ኪሞኖ ያስባል። ስሙን ብቻ ብዙዎቹ "ሃታቺ ኖ ትሱዶይ" ብለውታል፣ የ20 ዓመት ልጆች መሰባሰቢያ እንደማለት።

"የሳሙራይ ሥርዓት ነው" የሚሉም አሉ። አይደለም። የድሮው ገንፑኩ የሚባል ነበር፣ ልጁ ፀጉሩ ይቀየራል፣ ቆብ ይደረግለታል፣ አዲስ ስም ይወጣለታል። የዛሬው ግን ማዘጋጃ ቤት የሚያዘጋጀው የአዳራሽ ፕሮግራም ነው፣ ከንቲባ ይናገራል፣ ልጆቹ ያወራሉ (አይሰሙትም፣ እውነቱን ለመናገር የመጡት የሰፈር ክላስሜቶቻቸውን ሊያገኙ ነው)። የተጀመረው በ1946 ሳይታማ ውስጥ ዋራቢ በምትባል ከተማ ከጦርነቱ በኋላ ወጣቱን ለማበረታታት ነው፣ በዓል ሆኖ የታወጀው በ1948።

ቀኑንም አትሸምድዱ። ድሮ ጃንዋሪ 15 ነበር፣ ከ2000 ጀምሮ የወሩ ሁለተኛ ሰኞ ሆኗል። በረዶ የሚበዛበት አካባቢ ደሞ ብርዱን ሸሽተው ኦገስት ላይ የሚያደርጉ አሉ።

ትልቁ ስህተት ኪሞኖው ላይ ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ እዛው አድጋ ከጓደኞቿ ጋር ልትሄድ ከሆነ፣ "ዲሴምበር ላይ እንከራያለን" ብላችሁ አትቀመጡ። ፉሪሶዴ የሚባለው ያ ረጅም እጅጌው (ያላገባች ልጅ ልብስ ነው) አንድ ዓመት፣ አንዳንዴ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው የሚያዘው፣ ፀጉር ቤቱም እንደዛው፣ ዘግይቶ የያዘ ሰው የሚደርሰው ተራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። በዛ ብርድ! ፎቶውን ብዙዎቹ ወራት ቀድመው ይነሳሉ፣ ብልህነት ነው። ሙሉውን ብር ቀድሞ መክፈልም ያስፈራል፣ በ2018 አንድ አከራይ ድርጅት በዓሉ ዕለት ዘግቶ ጠፍቶ ስንት ልጅ ልብስ አልባ ቀርቷል።

ስትለብስ በራሷ በኩል የግራው ጠርዝ ከላይ መሆን አለበት፣ በተቃራኒው የሚለበሰው ሬሳ ሲገነዝ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ቀኝ እጇ ደረቷ ጋ ባለው ክፍተት ሰተት ብሎ ከገባ ልክ ነው። ሴልፊ ስትነሳ ግን ስልኩ እንደ መስታወት ይገለብጠውና ሳትሳሳት የሬሳ ታስመስሏታላችሁ፣ ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት መልሳችሁ ገልብጡት።

ወደኔ ጥፋት ልምጣ። በስጦታ ብር የሚሰጠው በፖስታ ነው፣ እኔም ከመቶ የን ሱቅ የሚያምረውን መርጬ ገዛሁ። ለካ ፖስታው ላይ ያለው ክር ጥብቅ ብሎ የታሰረው የሠርግ ነው፣ አንዴ ታስሮ እንዳይፈታ፣ እንዳይደገም። ለእንዲህ ያለ ደስታ የሚሆነው እንደ ጫማ ክር ስቦ የሚፈታው ነው፣ ደስታው ይደጋገም ተብሎ። ውስጡ ደሞ አራት ባለ ሺህ የን ኖት ከትቻለሁ፣ አራት በነሱ "ሺ" ነው፣ ሞት ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ። ባልደረባዬ ፖስታውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ክሩን አይቶ፣ ምንም አላለም፣ ሚስቱ ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ኩሽና ገባች።