ስማርት ሚዛን ስብን በእርግጥ ይለካል? ከገዛችሁ እንዲህ ፈትኑት፣ እንዲህ ተጠቀሙበት

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ጥቂት ብር ትሰጡታላችሁ፣ ከነጫማችሁ ትወጣላችሁ፣ ኪሏችሁን ይነግራችኋል። በቃ። አንድ ቁጥር ይዛችሁ ወደ ለገሃር ትወርዳላችሁ።

እኔ ግን አምና ዘመናዊ ልሁን ብዬ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ የመስታወት ሚዛን ገዛሁ። በባዶ እግሬ ስወጣበት ከአስር በላይ ቁጥር ዘረገፈልኝ። ስብ፣ ጡንቻ፣ ውሃ፣ አጥንት፣ የሆድ ውስጥ ስብ፣ ይባስ ብሎ "የሰውነት ዕድሜ"። ከመታወቂያዬ በስድስት ዓመት አስረጀኝ። ባለቤቴን ደግሞ በአራት ዓመት አሳነሳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሚዛኑን የሚጠራጠረው እኔ ብቻ ነኝ።

ጥርጣሬዬ ግን መሠረት አለው። ሚዛኑ በትክክል የሚለካው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ክብደት ነው። ሁለተኛው ሰውነታችሁ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። እግራችሁ ከሚያርፍባቸው ብረቶች የማይሰማ ደካማ ኤሌክትሪክ በአንድ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጡንቻ ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ስለሆነ ያሳልፈዋል። ስብ ውሃው ትንሽ ስለሆነ ያስቸግረዋል። የቀረው ሁሉ ሂሳብ ነው። ቁመታችሁን፣ ዕድሜያችሁንና ጾታችሁን ወስዶ፣ አምራቹ በሌሎች ሰዎች ላይ ባወጣው ቀመር ይገምታል። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በአብዛኛው በእግርና በታችኛው ሆድ በኩል ነው። ክንድና ደረታችሁን ሚዛኑ ጭራሽ አላያቸውም።

ስለዚህ ስብ 27.4 በመቶ ሲላችሁ ያቺ ".4" አታታላችሁ። በዴክሳ ስካን ከሚገኘው ውጤት ጋር ሲተያይ በአንድ ሰው ላይ 3 ወይም 5 ነጥብ መሳት ብርቅ አይደለም። ዴክሳ በዝቅተኛ ጨረር አጥንትን፣ ስብንና ጡንቻን የሚለይ የምርመራ መሣሪያ ነው። እሱም ቢሆን ፍጹም አይደለም።

ታዲያ ይጣል? የለም። አጠቃቀሙን ካወቁበት ይጠቅማል።

1. መጀመሪያ አጭበርባሪ አለመሆኑን እዩ

ወፍራም ደረቅ ካልሲ አድርጋችሁ ውጡ። ደህና ሚዛን ኪሎውን ነግሮ ስለ ስብ ዝም ይላል፤ ኤሌክትሪኩ በካልሲ አያልፍማ። ካልሲ አድርጋችሁም የስብ መቶኛ ከሰጣችሁ፣ ያ ሚዛን ምንም አልለካም። ከኪሎና ከቁመት ተነስቶ እየቀደደ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የበለጠ ያስቃል። አፑ ውስጥ ዕድሜያችሁን በአስር ዓመት ቀንሱና እንደገና ውጡ። ወይም "አትሌት" የሚል ምርጫ ካለው ንኩት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስባችሁ ይቀንሳል፤ ቦርጩ ግን እዚያው ነው። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ነው ቁጥሩን ማምለክ የተውኩት። ስትጨርሱ እውነተኛውን መልሱ። ቁመታችሁንም በግምት አትሙሉ፤ ግድግዳ ተደግፋችሁ በሜትር ይለካ።

2. ኪሎውን በውሃ ፈትኑ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስድስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ የያዘ እሽግ ካላችሁ ውሃው ብቻ 12 ኪሎ ነው ማለት ነው። ብቻችሁን ውጡ፣ ከዚያ እሽጉን ታቅፋችሁ ውጡ። ልዩነቱ 12 ኪሎና የፕላስቲኩ ትንሽ ክብደት ከሆነ ሚዛኑ ደህና ነው። ሚዛኑ የሚቀመጠው ደረቅና ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይሁን፤ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ። ምንጣፍ ላይ ከሆነ ውጤቱን እርሱት።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ሚዛን የሚያነበው የመሬትን ስበት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ናት፤ ስበቷ ከቤጂንግ ትንሽ ያንሳል። እዚያ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን 70 ኪሎ የሆነን ሰው እዚህ ወደ 200 ግራም ያህል ያጎድለዋል። ለጨዋታ እንጂ ለጭንቀት አይደለም።

3. ሰዓት ምረጡ፣ ከዚያ አትለውጡ

ዋናው ነገር ይኼ ነው። ሚዛኑ ስብን የሚገምተው በውሃ በኩል ስለሆነ፣ ውሃችሁ በተለዋወጠ ቁጥር "ስባችሁም" ይለዋወጣል።

እራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ። ጠዋት ተመዘንኩ፣ አንድ ሊትር ውሃ ጠጣሁ፣ ወዲያው ደግሜ ወጣሁ። ኪሎዬ በአንድ ጨመረ፤ ይሄ ልክ ነው። ስቤም ጨመረ! ውሃው ገና ሆዴ ውስጥ ነው፣ በእግር በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አላወቀውም። ሚዛኑ ትርፉን ኪሎ የሚያስቀምጥበት ሲያጣ አብዛኛውን የስብ ሂሳብ ላይ ጻፈው። በሌላ ቀን ደግሞ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ ቆይቼ ከነላቤ ወጣሁበት። ቆዳ ሲሞቅና ሲልበው ኤሌክትሪክ ይቀለዋል፤ በሚዛኑ ቤት ስቤ ቀነሰ። በአንድ ሰዓት ስፖርት እንዲያ ቢቀንስማ ማን ቦርጭ ይኖረው ነበር?

ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትነሱ፣ ሽንት ቤት ገብታችሁ፣ ቡና እንኳ ሳትቀምሱ፣ በቀላል ልብስ ተመዘኑ። እግራችሁ ንጹሕ ይሁን። ተረከዛችሁ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፤ በጣም ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪኩን ስለሚያስቸግር ስብ አብዝቶ ያሳያል። ጭናችሁ እንዳይነካካ እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ።

በሁዳዴ የምትጾሙ ከሆነ ጠዋት መመዘኑ አይከብድም፤ ሆዱም ባዶ ነው። በረመዳን ግን ከማፍጠራችሁ በፊት አትመዘኑ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ስላልጠጣችሁ ሚዛኑ ስብ የጨመራችሁ ሊያስመስለው ይችላል። ከስሑር በፊት ያለውን ሰዓት ብትይዙ ይሻላል። የጾሙን ወር ከሌላው ወር ጋር አታወዳድሩ፣ ለየብቻ ያዙት። ሴቶችም የወር አበባ ሲቃረብ ሰውነት ውሃ ሊይዝ ስለሚችል፣ የዚህን ወር ሳምንት ከባለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አስተያዩ። የበዓል ማግስትማ አይነሳ። ጨው የበዛበት ወጥ ውሃ ይይዛል፤ በማግስቱ የምታዩት ሁለት ኪሎ በአብዛኛው ዶሮ ወጡ የያዘው ውሃና ገና ያልተፈጨው ምግብ ነው።

4. የአንድ ቀን ቁጥር አታንብቡ

በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጠዋት ተመዘኑና አማካዩን ጻፉ። ኪሎን በየሳምንቱ እዩት። የስብ መቶኛን ግን ከአራት ሳምንት በታች ለሆነ ጊዜ አታወዳድሩ። ቁጥሩ ራሱ ቢሳሳትም፣ አለካካችሁን ካልቀየራችሁ ስህተቱም በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ነው። ለሦስት ወር ቀስ እያለ ከወረደ የሆነ ነገር እየተለወጠ ነው። ከጓደኛችሁ ሚዛን ወይም ከጂሙ ማሽን ጋር ማወዳደር ግን ዋጋ የለውም፤ ቀመሩ ሌላ ነው። ሚዛን ከቀየራችሁም ከዜሮ ጀምሩ።

የአጥንት ክብደትና "የሰውነት ዕድሜ" የሚሉትን እለፏቸው። የሆድ ውስጥ ስብ የሚለውንም አትመኑት።

5. ለሆድ የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ

ከመጨረሻው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሐል፣ ሆድ ሳትስቡ፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ ለኩ። ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ቁመታችሁ 170 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ85 በታች ማለት ነው። በእኔ እምነት ተራ ሚዛንና ይህ ሜትር ለብዙ ሰው ይበቃሉ። ስማርት ሚዛን ለመግዛት ብላችሁ የወር አስቤዛ አታጉድሉ። ቁጥር ሲያዩ ቀናቸው የሚበላሽ ሰዎችም አሉ፤ እነሱ ባይገዙት ይሻላል።

ልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ደረቱ ውስጥ የተገጠመለት ሰው በስብ መለኪያው በፍጹም አይጠቀም። ነፍሰ ጡሮችም ይተዉት። እግሩ የሚያብጥ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ስቡን አይመን፤ ኪሎው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ከዘለለ ግን ወደ ሐኪሙ ይሂድ።

እኔ አሁን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት እመዘናለሁ። "የሰውነት ዕድሜ" የሚለውን ከአፑ ላይ ደብቄዋለሁ። ባለቤቴ የራሷን አልደበቀችም።