ጊት ክሎን መሃል ላይ እየተቋረጠ ሲያስቸግር

ጊት የፕሮግራም ኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ ነው፤ «ክሎን» የሚለው ትእዛዙ ደግሞ አንድን ሪፖዚቶሪ (የፕሮጀክቱን ፋይሎችና የለውጥ ታሪክ የያዘ ማከማቻ) ወደ ኮምፒውተርዎ ይቀዳል። የችግሩ ምልክት ይህ ነው፦ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ጊት ክሎን» ብለው የሪፖዚቶሪውን አድራሻ ሲሰጡ «ሪሲቪንግ ኦብጀክትስ» የሚለው መስመር ግማሽ መንገድ ይሄድና «ኧርሊ ኢኦኤፍ» (ዳታው ሳያልቅ ተቋረጠ) በሚል መልእክት ያበቃል። ትእዛዙን ሲደግሙት እንደገና ከዜሮ ይነሳል፤ ጊት የጀመረውን አቃፊ ራሱ አጥፍቶታልና።

መንስኤው ብዙውን ጊዜ የግንኙነት መቆራረጥ ነው። ክሎን የፕሮጀክቱን የዛሬ ፋይሎች ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) አንስቶ ያለውን ታሪክ ጠቅልሎ ያወርዳል፤ ካቆመበት መቀጠል ግን አይችልም። ስለዚህ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኮሚቶች ያሉትን የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት) በደካማ የሞባይል ዳታ ለማውረድ የሚሞክር ሰው፣ መስመሩ ለአፍታ በተቋረጠ ቁጥር የከፈለበት ዳታ በከንቱ ይቀራል።

መፍትሄው ጥቅሉን ማሳነስ ነው። ትእዛዙ ላይ በሁለት ሰረዝ የሚጀምረውን «ዴፕዝ» የተባለ አማራጭ ጨምረው ዋጋውን 1 ቢያደርጉት የመጨረሻው ኮሚት ብቻ ይወርዳል። ከዚያ ወደ አቃፊው ገብተው «ጊት ፌች»ን «ዲፕን» ከሚለው አማራጭ ጋር፣ ለምሳሌ በ500፣ እየደጋገሙ ቢያስኬዱት ታሪኩ ወደ ኋላ እየረዘመ ይሄዳል፤ አንዱ ዙር ቢቋረጥም ቀድሞ የገባው አይነካም። የቀረውን በሙሉ የሚያመጣው «አንሻሎው» የሚለው የዚሁ ትእዛዝ አማራጭ ነው። በ«ዴፕዝ» የወረደ ሪፖዚቶሪ ዋናውን ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ብቻ እንደሚከተል ግን ልብ ይበሉ፤ ሌሎቹንም ከፈለጉ ገና ሲጀምሩ «ኖ ሲንግል ብራንች» የሚለውን ይጨምሩ። «ፖስት በፈር የተባለውን የጊት ቅንብር ከፍ አድርግ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ ቅንብሩ ወደ ሰርቨር የሚላከውን እንጂ የሚወርደውን አይመለከትም።

ማውረዱ ጨርሶ ካልተጀመረ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሪፖዚቶሪዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 13 ቀን 2021 ወዲህ ለጊት ሥራ የአካውንት ፓስዎርድ ስለማይቀበል፣ ፓስዎርድ ሲጠየቁ የሚያስገቡት ቶከን (በፓስዎርድ ፈንታ የሚያገለግል ኮድ) መሆን አለበት። «ሪፖዚቶሪ ኖት ፋውንድ» ሲልም ሪፖዚቶሪው ጠፍቷል ብለው አይደምድሙ፤ ጊትሃብ የግል ሪፖዚቶሪን ፈቃድ ለሌለው ሰው እንደሌለ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ መጀመሪያ የአድራሻውን ፊደላት፣ ቀጥሎም ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የሌላ አካውንት መግቢያ መሆን አለመሆኑን ይፈትሹ። በኤስኤስኤች (በፓስዎርድ ፈንታ በቁልፍ ፋይል በሚያስገባው የግንኙነት መንገድ) ሲሞክሩ «ፐርሚሽን ዲናይድ፣ ፐብሊክ ኪ» ካለ ቁልፉ አካውንትዎ ላይ አልተመዘገበም ወይም ኮምፒውተሩ ሌላ ቁልፍ እያቀረበ ነው። መልስ ሳይሰጥ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ካለ ደግሞ የቢሮው ኔትወርክ ኤስኤስኤች የሚጠቀምበትን ፖርት 22ን ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በኤችቲቲፒኤስ አድራሻ መሞከር ይቀልላል።