የኮዮቴ ቆዳ እንዳይበላሽ ያደረግሁት የአረር ለውጥ
በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት የብርድ ወራት ኮዮቴ (ቀበሮ መሰል የዱር እንስሳ) ሳድን ያስቸግረኝ የነበረው፣ .22-250 የሚባለው ፈጣን የጠመንጃ ጥይት በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ጎን ጡጫ የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ስለሚወጣ፣ ያ ያማረ ጸጉር ለሽያጭ አለመብቃቱ ነበር። ችግሩ የተፈታው .204 ወደሚባለው፣ አፈሙዙ ይበልጥ ጠባብ ወደሆነ ጠመንጃ ተሸጋግሬ 40 ግሬን ማለትም 2.6 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ የመዳብ ልባሱ ስስና ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ አረር መጠቀም ስጀምር ነው፤ ይህ አረር ከአፈሙዙ በሰከንድ ወደ 1,190 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወጥቶ ደረት ውስጥ ስለሚበታተን፣ አብዛኛውን ጊዜ መውጫ ቀዳዳ አይተውም። ትከሻ አጥንት ላይ ካረፈ ግን ላይ ላዩን ፈንድቶ ቆዳውን ይቦድሰዋል፤ ስለዚህ ጎኑን ሰጥቶ እስኪቆም ጠብቄ ከትከሻው ኋላ አነጣጥራለሁ። ሙሉ ልባስ ያለው፣ በቀላሉ የማይበታተን አረር ቀዳዳው ቢያንስም፣ እንስሳውን አቁስሎ ሊያስመልጥና ሊያሰቃይ ስለሚችል አልመርጠውም።