የስታብስን ፈረሶች እየቀዱ የዘይት ቀለም መማር

«በአበባና በፍራፍሬ ጀምሩ» የሚለውን ምክር አልወደውም፤ ቶሎ ይሰለቻል። እኔ ለጀማሪ የምሰጠው እንግሊዛዊው ጆርጅ ስታብስ እ.ኤ.አ. በ1769 አካባቢ የሳለውን የሚልባንክና የሜልበርን ቤተሰቦች ሥዕል ነው። ለንደን፣ በብሔራዊው የሥዕል ሙዚየም ይገኛል። ስታብስ የፈረስ በድን እየበለተ አጥንትና ጅማቱን ያጠና ሰው ነውና እጃችሁ ሲስት ሥዕሉ ራሱ ያርማችኋል።

ዋናው 97 በ149 ሴንቲ ሜትር ግድም ስለሆነ 50 በ77 የሆነ ሸራ ይበቃል። የምታዩትን የሥዕሉን የታተመ ቅጂም ሸራውንም በእኩል ቁጥር አራት ማዕዘኖች ከፋፍሉ። በሰዎቹ ፊቶች አትጀምሩ! በፈረሶቹ እግሮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ንደፉ፤ ክፍተቱ ልክ ከሆነ እግሩም ልክ ይመጣል።

ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥናችሁ ጥላውን ብቻ ቀቡ፤ ብርሃን የሚያርፍበትን በጨርቅ ጥረጉ። ሲደርቅ፣ በላይ በላዩ በምትቀቡት በየንብሩ የተልባ ዘይቱን መጠን እየጨመራችሁ ሂዱ። ቅባታሙ ከሥር ከገባ ቀለሙ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

በስተቀኝ ሎርድ ሜልበርን የተቀመጠበት ዳማ ፈረስ ላይ አትቸኩሉ። ከሆዱ ሥር ያለውን ጥላ ከቱቦ በወጣ ጥቁር አትድፈኑት፤ ቡናማና ጥልቅ ሰማያዊ ቀላቅሉ። ብሩሹን ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ጎትቱ። ዛፉንና ቋጥኙን በሰፊ ብሩሽ ጨርሱ፤ ፊቶቹን በስተመጨረሻ በቀጭኑ።

ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨምድዶ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።